ሂማላያን በጂፒኤስ መለካት፦ እስካሁን የደረስኩበት

ሰሞኑን በጣም ደስ ብሎኛል። ሂማላያ በዓመት ስንት እንደሚጨመቅ ራሴ አስልቼ አገኘሁት፤ 2 ሳንቲሜትር ገደማ!

መረጃው በነጻ ነው። የኔቫዳ ዩኒቨርሲቲ የጂኦዴሲ (የመሬት ልኬት ሳይንስ) ላቦራቶሪ በሺዎች የሚቆጠሩ የጂፒኤስ ጣቢያዎችን የየቀን አቀማመጥ ያወጣል። ከህንድ ባንጋሎርን፣ ከቲቤት ላሳን ወሰድኩ። ባንጋሎር በዓመት 3.5 ሳንቲሜትር ገደማ ወደ ሰሜን ትሄዳለች፤ ላሳ ግን 1.5 ገደማ ብቻ። ልዩነቱን በአብዛኛው የሚውጠው መሀል ያለው ተራራ ነው።

አሳሬን ያበላኝ ከፍታው ነው። ሳተላይቶቹ ሁሉ ከላይ ስለሆኑ ከፍታ ሲለካ ስህተቱ ከአግድሙ ሁለት ሦስት እጥፍ ይበልጣል። በዚያ ላይ ዝናቡ አለ። ኔፓልም እንደኛው ክረምቷ ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። የተጠራቀመው ውሃ መሬቱን በክብደቱ ይጫነዋል፤ ሲጎድል መሬቱ መልሶ ይነሳል። ካትማንዱ አጠገብ ያለ ጣቢያ ግራፍ በየዓመቱ ሲወርድና ሲወጣ ታያላችሁ። እኛ የምንፈልገው የሚሊሜትር ለውጥ እዚያ ውስጥ ይሰወራል።

የገላገለኝ ሚዳስ የሚባለው ዘዴ ነው። የዛሬን ከፍታ ከዓመት በኋላ በዚሁ ቀን ከሚለካው ላይ ትቀንሳላችሁ። ሁለቱም አንድ ወቅት ላይ ስለሆኑ የዝናቡ ጫና በአብዛኛው ይጣፋል። ለሁሉም ቀን እንዲሁ ታደርጉና ልዩነቶቹን ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድራችሁ መሀል ላይ ያለውን ትወስዳላችሁ። አማካይ አትውሰዱ! አንድ የተበላሸ ቀን አማካዩን ይጎትተዋል፤ አንቴና ሲቀየር የሚፈጠረው ዝላይም እንዲሁ። የመሀሉ ቁጥር ግን ንቅንቅ አይልም። ኤክሴል ላይ መስመር አስምሮ ማለፍ ለዚህ ሥራ ፈጽሞ አይመቸኝም። ከ2 ዓመት ተኩል ያነሰ መረጃ ካላችሁ ደግሞ ባትደክሙ ይሻላል።

እውነቱን ለመናገር፣ ከእ.ኤ.አ. ኤፕሪል 25 ቀን 2015 በኋላ ያለውን የኔፓል መረጃ አልነካሁትም። የዚያን ዕለት መጠኑ 7.8 የሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ የካትማንዱን አካባቢ በሰከንዶች ውስጥ 1 ሜትር ገደማ አነሳው። ከዚያ በኋላ ያለው እንቅስቃሴ ቀስ እያለ የሚረግብ ኩርባ ነው፤ ሚዳስ ደግሞ ኩርባ አይሆንለትም። ስለዚህ መንቀጥቀጡ ዋዜማ ላይ ቆርጬዋለሁ።

ቀጥሎ አዲስ አበባ ያለውን ጣቢያ ልሞክር ነው። የኛ ክረምት ከፍታው ላይ ይታይ ይሆን? ቀድሞ ያየው ካለ ግራፉን ይለጥፍልን።