የሳሙና በረዶ

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሳችሁ!

ይህን የምጽፍላችሁ በዋዜማው ሌሊት፣ ወጥ ቤት ቆሜ ነው። ሽንኩርቱ ድስት ውስጥ እየተቁላላ ነው። ዶሮዋ 12 ብልቷ ወጥቶ፣ በሎሚና በጨው ታጥባ ተራዋን ትጠብቃለች። የጭስ ማንቂያው ጮሆ ሕንፃውን በሙሉ እንዳይቀሰቅስብኝ መስኮቱን በርግጄዋለሁ። ብርዱ ለጉድ ነው። ጎረቤቶቼ የገና ዛፋቸውን አውጥተው ቆሻሻ ገንዳው አጠገብ ከጣሉት ሰንብተዋል። አሜሪካ የምትኖሩ ይህን ነገር ታውቁታላችሁ። የእነሱ ገና ሲያልቅ የእኛ ይጀምራል። እነሱ ሲበሉ እኛ ጾም ላይ ነን፤ እኛ ጾም ስንፈታ እነሱ ዳይት ይጀምራሉ።

በየዓመቱ በዚህ ቀን ሁለት መስመር መልካም ምኞት ነበር የምልክላችሁ። ዘንድሮ ግን ስለ አንድ የድሮ የሆሊውድ ተዋናይ፣ ስለ ጂሚ ስቱዋርት ላወራችሁ ነው። ሽንኩርት ማቁላላት ጊዜ ይወስዳል፤ እስከዚያ ስሙኝ።

ወደዚህ አገር በመጣሁበት የመጀመሪያ ዓመት ሆም ኬር እሠራ ነበር። የምንከባከባቸው አዛውንት ዘጠና ሊደፍኑ ጥቂት የቀራቸው ነበሩ። ዲሴምበር 24 ማታ ልጆቻቸው መጥተው፣ በልተው፣ ሄዱ። እሳቸው የተረፈውን ሥጋ በሳህን አድርገው ወደ እኔ ገፉልኝ። ጾም ላይ እንደሆንኩ ነገርኳቸው። «በገና ማታ የሚጾም ሰው አይቼ አላውቅም» ብለው ሳቁና ቴሌቪዥኑን ከፈቱ። ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው። አንድ ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲናገር ቃሉ የሚያደናቅፈው የሚመስል ሰውዬ በረዶ ውስጥ ይሮጣል። አዛውንቱ ጣታቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ ቀሰሩና «ያ በረዶ እኮ ሳሙና ነው» አሉኝ። በዓመቱም ፊልሙ እዚያው ቦታ ላይ ሲደርስ ያንኑ ደገሙት። በሦስተኛውም ዓመት እንዲሁ።

እውነታቸውን ነው። ፊልሙ የተቀረጸው በ1946፣ በካሊፎርኒያ የበጋ ሙቀት ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ውሰዱልኝ።) ከዚያ በፊት የፊልም በረዶ ነጭ ቀለም የተቀባ ኮርንፍሌክስ ነበር። ሲረግጡት ይንኮሻኮሻል፤ የተዋናዮቹን ድምፅ ይውጠዋል። ለዚህ ፊልም ግን የእሳት ማጥፊያ አረፋ፣ ሳሙናና ውሃ ቀላቅለው በማራገቢያ በተኑት። ለዚህ ፈጠራ የኦስካሩ አካዳሚ የቴክኒክ ሽልማት ሰጥቷል። ሰውዬው ታዲያ በዚያ ሁሉ «በረዶ» ውስጥ የሚሮጠው በላብ ተጠምቆ ነው።

ፊልሙ «ኢትስ ኤ ወንደርፉል ላይፍ» ይባላል። ዳይሬክተሩ ፍራንክ ካፕራ ነው። ሯጩ ደግሞ ጄምስ ስቱዋርት፣ አሜሪካኖቹ ጂሚ የሚሉት። ታሪኩን ለማታውቁት ባጭሩ፦ ጆርጅ ቤይሊ የሚባል የትንሽ ከተማ ልጅ ዓለምን መዞር ይመኛል። ሻንጣውን ሊያነሳ ሲል ግን ሁሌ አንድ ነገር ይይዘዋል። አባቱ ይሞታል። የአባቱን ትንሽ የቁጠባና ብድር ቤት የሚረከብ ሰው ይጠፋል። ወንድሙ ይሄዳል፣ እሱ ይቀራል። በአንድ የገና ዋዜማ 8,000 ዶላር ይጠፋና ራሱን ከድልድይ ሊወረውር ይቆማል። ያኔ አንድ መልአክ መጥቶ፣ እሱ ባይወለድ ኖሮ ከተማው ምን ይመስል እንደነበር ያሳየዋል። የቀረውን ራሳችሁ እዩት።

እኔ ፊልሙን ካየሁ ከዓመታት በኋላ ነው ስለ ተዋናዩ ማንበብ የጀመርኩት። ያገኘሁት ነገር አስገረመኝ። ጆርጅ ቤይሊ የቀረው ልጅ ነው። ጂሚ ስቱዋርት ግን የሄደው ልጅ ነው።

የተወለደው በ1908፣ ፔንሲልቬንያ ክፍለ ሀገር ውስጥ ኢንዲያና በምትባል ከተማ ነው። (አዎ፣ ኢንዲያና የሚባል ክፍለ ሀገርም አለ፤ ይህቺ ግን ከተማ ናት።) አባቱ አሌክሳንደር ስቱዋርት ሚስማር፣ መዶሻ፣ መጋዝ የሚሸጥ ሱቅ ነበራቸው። ከአያት የወረደ ሱቅ ነው። አንድ ደንበኛ የዕቃ ዋጋ መክፈል ቢያቅተው አኮርዲዮን ሰጥቷቸው፣ ልጃቸው መጫወት የተማረው በዚያ ነው ይባላል። ወንድ ልጃቸው እሱ ብቻ ነው። ሱቁን ማን ይረከባል ብላችሁ ጠይቁ እንግዲህ። ልጁ ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ገባ። በ1932 በሥነ ሕንፃ ተመረቀ። ከዚያ ሕንፃ በመንደፍ ፈንታ ከቲያትረኞች ጋር ሄደ። ኒው ዮርክ ከተዋናይ ጓደኛው ከሄንሪ ፎንዳ ጋር አንድ ቤት ተከራይተው ኖሩ። በ1935 ሆሊውድ ገባ።

ታዋቂ ለመሆን ጊዜ አልፈጀበትም። በ1940 በወጣው «ዘ ፊላደልፊያ ስቶሪ» የምርጥ ተዋናይ ኦስካር አገኘ። ሽልማቱን የተቀበለው በ1941 መጀመሪያ ላይ ነው። ሐውልቱ የት ሄደ? አባትየው ወደ ቤት ላከው አሉት። ላከው። እሳቸውም ሱቃቸው መስኮት ላይ አቆሙት። ሆሊውድ ሰው የሚጋደልለት ወርቃማ ሐውልት፣ ኢንዲያና ከተማ ውስጥ ከመዶሻና ከመጋዝ ጋር ለዓመታት ለአላፊ አግዳሚው ታየ።

እዚህ ጋ ሽንኩርቱን ትቼ ትንሽ ቁጭ አልኩ። ደሴ ያለው የአባቴ ሱቅም ሚስማር ነው የሚሸጠው። ሚስማር፣ ቆርቆሮ፣ ማጠፊያ፣ የቀለም ጣሳ። የምረቃ ፎቶዬ ከሚዛኑ በላይ ተሰቅሏል፤ ከሥሩ የዱቤ ደብተሩ አለ። ሚስማር ሊገዛ የመጣ ሁሉ ፎቶውን ሳያይ አይወጣም። እኔ አሥር ጊዜ «አባዬ፣ አውርደው» ብዬዋለሁ። አልሰማኝም።

ወደ ጂሚ ልመለስ። ኦስካሩን በወሰደ በወሩ፣ ማርች 1941፣ ወታደር ሆነ። አሜሪካ ገና ጦርነት አልገባችም ነበር። መጀመሪያ ከስቶ ነው ብለው መልሰውት ነበር። የአውሮፕላን አብራሪ ፈቃድ ከተዋናይነቱ ጎን ለጎን ቀደም ብሎ አውጥቷል። አዛዦቹ እንዲህ ያለውን ዝነኛ ሰው ጦር ሜዳ ልከው ማጣት አልፈለጉም፤ አገር ውስጥ ሲያሠለጥን ቆየ። እሱ ግን ነገሩን አልተወውም። በ1943 መጨረሻ ቢ-24 የሚባሉትን ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች እየመራ እንግሊዝ ገባ። 20 የውጊያ በረራ አደረገ።

ከመሄዱ በፊት አባቱ ሊሰናበቱት መጡ። ብዙም አላወሩም። ሲለያዩ ግን አንድ ፖስታ ኪሱ ከተቱለት። ጂሚ በኋላ እንደተናገረው፣ ውስጡ ደብዳቤና አንድ መዝሙር ነበር። እነሱ 91ኛ ይሉታል፤ በእኛ ዳዊት 90ኛው ነው። «በልዑል መጠጊያ የሚኖር ሁሉን በሚችል አምላክ ጥላ ውስጥ ያድራል።» ደብዳቤው ላይ አባትየው እንደሚወዱት ጽፈዋል። በአፋቸው ብለውት አያውቁም ነበር። ያንን ወረቀት በየበረራው ይዞት ወጣ።

እኔ ይህን ሳነብ ቦርሳዬን አወጣሁ። ቦሌ ስንሰነባበት አባቴም አንድ የታጠፈች ወረቀት ጃኬቴ ውስጥ ከቶ ነበር። ከዱቤ ደብተሩ የተቀደደች ናት፤ መስመሮቹ ያስታውቃሉ። በራሱ እጅ ጽሑፍ ያንኑ መዝሙር ገልብጦባታል። በጀርባዋ የአንድ ሰው የሁለት ኪሎ ሚስማር ዕዳ አለ። ያ ሰውዬ ይክፈል አይክፈል እስከዛሬ አላውቅም።

አሁን የምነግራችሁን ነገር ሳገኝ ግን ብድግ ነው ያልኩት። ጃንዋሪ 7 ቀን 1944 ጂሚ ስቱዋርት ቡድኑን እየመራ ወደ ጀርመን፣ ወደ ሉድቪግስሃፈን በረረ። ቦምቡን ጥለው ሲመለሱ ከፊት የነበረው ሌላ ቡድን አቅጣጫ ሳተ። ስቱዋርት በሬዲዮ ተሳስታችኋል አለ። መሪው አልሰማም። እንግዲህ ሁለት ምርጫ ነበረው። ትክክለኛውን መንገድ ይዞ የራሱን ልጆች ወደ ቤት መውሰድ፣ ወይም ለብቻቸው የቀሩትን እንዳይበሏቸው አብሮ መሳት። አብሮ ሳተ። የጀርመን ተዋጊ አውሮፕላኖች ወረዱባቸው። በኋላ የዚያኛው ቡድን አዛዥ ምስጋናውን ልኮለታል። የእኔ ነገር፣ ቀኑን ወደ እኛ አቆጣጠር መለስኩት። ታኅሣሥ 28 ቀን 1936 ይላል። ዘመነ ዮሐንስ ስለነበር ደግሞ ገና የዋለው በ28 ነው። በዚያች ቀን እኛ አገር ገና ነበር። ምንም ማለት ላይሆን ይችላል። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ገና በመጣ ቁጥር ያ ሰውዬ ትዝ ይለኛል፤ ልክ መሆኑን እያወቀ ከተሳሳቱት ጋር የበረረው።

በ1945 ኮሎኔል ሆኖ ተመለሰ። ፊቱ አርጅቷል። የስቱዲዮ ውሉ አልቋል። ፎንዳ ቤት ተጠግቶ ከረመ። ሁለቱ በፖለቲካ ጭራሽ አይስማሙም፤ ስለዚህ ስለ ፖለቲካ አያወሩም። ቁጭ ብለው የአውሮፕላን ሞዴል ይገጣጥማሉ። (ይህን ዘዴ ለዘመዶቼ የቫይበር ግሩፕ እመክራለሁ።)

ያኔ ነው ካፕራ ታሪክ ይዞ የመጣው። የታሪኩ አመጣጥ ራሱ ደስ ይላል። ፊሊፕ ቫን ዶረን ስተርን የሚባል ጸሐፊ አንድ አጭር ልቦለድ ጽፎ የሚያሳትምለት አጣ። በ1943 በራሱ ወጪ 200 ቅጂ አሳትሞ ለወዳጆቹ የገና ካርድ አድርጎ ላከው። የበዓል መልእክት ነበር ማለት ነው! እና የእኔ ረዘመ ብላችሁ እንዳታሙኝ።

ፊልሙ ውስጥ ጆርጅ ቡና ቤት ተቀምጦ የሚጸልይበት ቦታ አለ። ስቱዋርት ሳያስበው እንባው መጣ። ካሜራው ደግሞ ራቅ ብሎ ነበር። ካፕራ ድገመው ቢለው እንደማይደገም ገብቶታል። ስለዚህ ፊልሙን ላቦራቶሪ ወስዶ እያንዳንዱን ፍሬም አሳድጎ ፊቱን አቀረበው። ልብ ብላችሁ ካያችሁ ምስሉ እዚያ ጋ ሸካራ ነው። ብዙ ሰው ትወና ይለዋል። እኔ አይመስለኝም። ከዓመት በላይ ወደ ሞት ሲወጣና ሲወርድ ከርሞ፣ ስለዚያ ለማንም አላወራ ያለ ሰው ነው። የጦር ሜዳ ታሪኩ ለማስታወቂያ እንዲውልም አልፈቀደም። አንድ ቦታ መውጣት ነበረበት፤ እዚያች ቡና ቤት ወጣ።

ፊልሙ ግን ከሰረ። ዲሴምበር 20 ቀን 1946 ታየ፤ ለ5 ኦስካር ታጨ፤ የታጨበትን አንዱንም አልወሰደም፤ ወጪውን እንኳ አልመለሰም። ተረሳ። ያዳነው የቢሮ ስህተት ነው። በ1974 የባለቤትነት መብቱን ማደስ የነበረበት አካል ሳያድሰው ቀረ። የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ያለ ክፍያ የሚያሳዩት ፊልም ሲያገኙ ምን ያደርጋሉ? ገና በመጣ ቁጥር አሳዩት፣ ደጋገሙት። እነዚያ አዛውንት የሸመደዱትም እንዲያ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሥራውን ብዙዎቻችሁ ታውቁት ይሆናል። ከዳይሬክተሩ ከሂችኮክ ጋር አራት ፊልም፣ ከዚያ የካውቦይ ፊልሞች። በ1950 «ዊንቸስተር 73» ላይ ከደመወዝ ይልቅ የትርፍ ድርሻ ወስዶ ሌሎቹን ተዋናዮች መንገድ አሳያቸው፤ የሱቅ ልጅ ነዋ። በ41 ዓመቱ ግሎሪያን አገባ፤ እስክትሞት አልተለያዩም። ሁለት ልጆቿን እንደ ልጆቹ አሳደገ፤ መንትያ ሴቶችም ወለዱ። ካሳደጋቸው አንዱ፣ ሮናልድ፣ በ1969 ቬትናም ላይ ሞተ። 24 ዓመቱ ነበር። ልጁን ሸኝቶ የሚጠብቅ አባት መሆን በተራው ደረሰው፤ ያንኛው አባት ግን ልጃቸው ተመልሶላቸው ነበር። ስቱዋርት ያረፈው በ1997፣ በ89 ዓመቱ ነው።

ሽንኩርቱ ደርሷል። በርበሬ ልጨምር ነው።

ዛሬ ሌሊት ሥራ ላይ ያላችሁ፣ ሆስፒታል፣ ፓርኪንግ፣ ታክሲ ውስጥ፣ መልካም ገና። በባሕረ ሰላጤው አገሮች በሰው ቤት ሆናችሁ ነገ ፈቃድ ያልተሰጣችሁ እህቶቻችን፣ እንኳን አብሮ አደረሰን። በዓሉ የማይመለከታችሁ ግን ዶሮ ወጡ የሚመለከታችሁ ሙስሊም ጓደኞቼ፣ አድራሻዬን ታውቁታላችሁ፤ የእናንተን ዶሮ ለብቻ፣ ከእናንተው ሥጋ ቤት ገዝቻለሁ።

ቅድም አገር ቤት ደወልኩ። እዚያ ነግቷል፤ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው ጾም ፈትተዋል። አባቴ ሁሌ የሚጠይቀኝ አንድ ጥያቄ ነው።

«ብርዱ እንዴት ነው? በረዶ ጣለ?»

«ጥሏል አባዬ።»

የፊልሙን ነገር አምና ነግሬዋለሁ። ትንሽ ዝም አለና፣

«የእውነቱ ነው የሳሙናው?» አለኝ።