ፊቴን ቀርጬ ያተምኩ ጊዜ

ሰው የራሱን ፊት በቀጥታ አይቶ አያውቅም። የምናውቀው በመስታወት ነው። እኔ ግራ ቅንድቤ ላይ ጠባሳ አለኝ፤ መስታወት ውስጥም በግራ በኩል ነው የማየው። ፊት ለፊቴ ለሚቆም ሰው ግን ጠባሳው በቀኙ በኩል ነው። ዕድሜዬን ሙሉ የማውቃት ሴትና ሰፈሩ የሚያውቃት ሴት አንድ ዓይነት አይደሉም ማለት ነው። ይሄ ነገር በደንብ የገባኝ ፊቴን ሊኖ ላይ ስቀርጽ ነው።

ሊኖ የወለል ምንጣፍ ነው። ከተልባ ዘይትና ከቡሽ ዱቄት ይሠራል፣ ጀርባው ጆንያ ነው። ላዩን በመቅረጫ ትቆፍሩታላችሁ፣ ቀለም ትቀቡታላችሁ፣ ወረቀት አልብሳችሁ ታሹታላችሁ። የተቆፈረው ነጭ ሆኖ ይቀራል፣ ያልተነካው ጥቁር ያትማል። ያሳየችኝ ጓደኛዬ ናት። በ1950 ዓ.ም. ሠዓሊው አለ ፈለገ ሰላም ያቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ነው የተማረችው።

መጀመሪያ መስታወት ፊት ተቀምጬ በእርሳስ ሣልኩ። ፈገግ ልል ሞክሬ ተውኩት። ፈገግታ መስታወት ፊት አይበረክትም፣ ትንሽ ቆይቶ ጥርስ ማሳየት ብቻ ይሆናል። የሆላንዱ ሠዓሊ ሬምብራንት እ.ኤ.አ. በ1630 ዓይኑን አፍጥጦ፣ አፉን ከፈት አድርጎ ራሱን በመዳብ ሰሌዳ ላይ ሠርቷል። ቁመቷ 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነች ሥራ ናት። ያን ሁሉ ጊዜ እንዴት አፍጥጦ እንደቆየ እንጃ።

በጎን ልሣል ወይስ ፊት ለፊት? እዚህ ላይ ብዙ አላመነታሁም። በቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቻችን ጻድቁ ሁለት ዓይኑ እየታየ ፊት ለፊት ይሣላል፣ ክፉው ደግሞ ብዙ ጊዜ በጎን፣ በአንድ ዓይን ነው። በምሴተ ሐሙስ ሥዕል ላይ ይሁዳን ለመለየት ጽሑፍ ማንበብ አያስፈልግም። አንድ ዓይኔን ብቻ ሥዬ ቤት ብወስድ እናቴ ምን እንደምትል አውቃለሁ።

ቀጥሎ ጓደኛዬ አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ። «የትኛዋን ነው የምትፈልጊው? አንቺ የምታውቂያትን ወይስ እኛ የምናውቃትን?»

ነገሩ እንዲህ ነው። ህትመት ሁሉን ነገር ይገለብጣል። ከመስታወት የሣልኩትን ወረቀት እንዳለ በካርቦን ሊኖው ላይ ካሳረፍኩት፣ ሲታተም ይገለበጥና ሰው የሚያየኝ ፊት ይወጣል። ወረቀቱን ገልብጬ ካሳረፍኩት ደግሞ ያቺው የመስታወቷ እኔ ትወጣለች። «እናንተ የምታውቋትን» አልኳት። የመስታወቷንማ ጠዋት ጠዋት አገኛታለሁ።

ከባዱ ነገር ጥቁሩ ነበር። ነጭ ወረቀት ላይ ስትሥሉ ፊት ነጭ ሆኖ ይጀምርና መስመር ይጨመርበታል። ያንኑ ሊኖ ላይ ካመጣችሁት መስመሮቹን ትታችሁ ግንባሩን፣ ጉንጩን፣ አገጩን በሙሉ መቆፈር ነው። የምትወጣው ነጭ ፊት ያላት ሴት ናት። እኔ ጠይም ነኝ። እንዲያውም ጠይም የምትለኝ እናቴ ናት፣ ለማባበል፤ ጥቁር ነኝ። ስለዚህ ተገላቢጦሹን ሄድኩ። ፊቴን በሙሉ ጥቁር ትቼ መብራት ያረፈበትን ብቻ አነሳሁ፦ የአፍንጫዬን ጫፍ፣ አንዱን ጉንጭ፣ የታችኛውን ከንፈር፣ የዓይኔን ቆብ። ጀርመናዊቷ ሠዓሊ ኬቴ ኮልቪትዝ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ የራሷን ፊት እንጨት ላይ ስትቀርጽ እንዲህ ከጥቁር ውስጥ ነው ያወጣችው። እሷ ለሐዘን የተጠቀመችበትን ጥቁር እኔ ለቆዳዬ ተጠቀምኩበት።

ሹሩባዬ ግን ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ነው የሚመስለው። ጉንጉኑ ጥቁር፣ መሐሉ ያለው የራስ ቅል መስመር ፈካ ያለ። ቪ ቅርጽ ያለውን ቀጭን መቅረጫ ግንባሬ ጋ አሳርፎ ወደ ኋላ መግፋት ነው፣ መስመሩ ይወጣል። ጉንጉኑ ላይ ደግሞ በያዘበት አቅጣጫ ጫር ጫር፣ ያውም በስሱ። እጄ የተዝናናው እዚህ ጋ ነው። ጀበናና ስኒ ከጎኔ ላስገባ አስቤ ነበር፣ የቱሪስት ፖስትካርድ እንዳይሆንብኝ ተውኩት።

ለሚሞክር ሰው ሁለት ሦስት ነገር ልበል። ሊኖውን ፀሐይ ላይ ትንሽ አሙቁት፣ እንደ ድንጋይ መሆኑን ይተዋል። ሊኖውን የያዘው እጃችሁ ሁልጊዜ ከመቅረጫው ኋላ ይሁን፤ መቅረጫው ካመለጠ ቀልድ የለውም። የማተሚያ ቀለሙን የመስኮት መስታወት ላይ በሮለር ስትዳምጡት ጆሯችሁን ስጡት። እንደሚጠበስ ሽንኩርት ቸስ ካለ ደርሷል፤ ዝም ብሎ ካጣበቀ በዝቷል፣ ቀጭኑን ቅርጽ ሁሉ ይደፍነዋል። ማተሚያ ማሽን ካጣችሁ በእንጨት ማንኪያ ጀርባ ማሸት ይበቃል፣ ወረቀቱ ግን ሳሳ ያለ ይሁን። ስታነሱም ከአንድ ጥግ ቀስ ብላችሁ ገልጣችሁ እዩት። ያልያዘ ቦታ ካለ መልሳችሁ ታሹታላችሁ።

የመጀመሪያውን ህትመት ስገልጥ ያየኋት እኔን አይደለም፣ አክስቴን ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ «ቁርጥ አክስትሽን» ሲሉኝ ሰዎች ለጨዋታ የሚሉት ይመስለኝ ነበር። ለካ እውነታቸውን ነው። አፌ በአንድ በኩል ትንሽ ከፍ ይላል፤ የአክስቴም እንዲሁ፣ ያውም በዚያው በኩል። መስታወት ውስጥ በተቃራኒው ስለማየው አገናኝቼው አላውቅም። አባቴን የምመስል ይመስለኝ ነበር፣ እሱም ደስ ይለው ነበር።

ጥሩ የወጡትን መርጬ እንደ ወጉ በእርሳስ ከታች በግራ ቁጥራቸውን (ከስንቱ ስንተኛ እንደሆኑ)፣ በቀኝ ስሜን ጻፍኩ። ርዕስ አልሰጠሁም። አንዷን ለአክስቴ ወሰድኩላት። መነጽሯን አድርጋ ብዙ አየችና «ይቺ ልጅ ጉትቻ የላትም እንዴ?» አለችኝ። ስለ መመሳሰሉ ምንም አላለችም፣ ለእሷ አዲስ ነገር አይደለማ።

ጉትቻ መጨመር ቀላል ነው። ነጭ ስለሆነ ከጥቁሩ ትንሽ ማንሳት ብቻ ነው፣ ሊኖው ደግሞ አለ። ጠባሳዬን ልደፍነው ብል ግን አይሆንም፣ አንዴ የተቆፈረ ተቆፈረ። በቀደሙት ላይ ቁጥር ስለጻፍኩ ባለ ጉትቻዋ እንደ ሌላ ሥራ ከ1 ትጀምራለች።