ሰሜን፣ ባሌ ወይስ ወንጪ?

ዛሬ ቀኑን ሙሉ የዓመት ፈቃዴን የት እንደማሳልፍ ሳወጣ ሳወርድ ዋልኩ። ሥራው አድክሞኛል። ተኝቼ ስነሳ እንኳን ድካሙ አይለቀኝም። ሁሉም ሰው "ተራራ ውጣና አየር ቀይር" ይለኛል። የትኛው ተራራ?

ሰሜን ተራሮችን ከልቤ እወዳቸዋለሁ። ገደሉ፣ ዋልያው፣ ሣር የሚግጠው የጭላዳ መንጋ። ግን ሰሜን የሚኬደው በእግር ለመጓዝ ነው፤ ከአንዱ ካምፕ ወደ ሌላው። እኔ አሁን የምፈልገው መቀመጥ ነው።

የባሌ ተራሮች ብዙ አሳሰቡኝ። እዚያ ያለው የሳነቴ አምባ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። እዚያ ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ላልለመደው ሰው እንቅልፍ ይረበሻል፤ ለእኔ ደግሞ ዋናው መድኃኒት እንቅልፍ ነው። እዚያው ባሌ ያለችው የዲንሾ ከተማ ዝቅ ትላለች። ጥድና ኮሶ ሥር ቁጭ ብሎ የደጋ አጋዘን ማየት ያጓጓል። መንገዱ ግን ከአዲስ አበባ ወደ 400 ኪሎ ሜትር ነው፤ ያን ያህል መኪና ውስጥ ለመቀመጥ አቅም የለኝም።

ከሰዓት እህቴ ደወለች። "አንተ ልጅ፣ መድረሻው ራሱ እንዳያደክምህ" አለችኝ። ልክ ናት። ወንጪን መረጥኩ። በአምቦና በወሊሶ መካከል፣ በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ ያለ ሐይቅ፣ ደሴቱ ላይ የቂርቆስ ገዳም።

በሥራ ቀን እዚያ ያደራችሁ ካላችሁ፣ የሌሊቱ ብርድ እንዴት ነው? ስንት ጋቢ ልያዝ?