ዘንድሮ ከመልካም ምኞቴ ጋር ሊንኮችም አሉ

ውድ ወዳጆቼ፣ እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን በሰላም አሸጋገራችሁ። ዓመቱን ሙሉ ሳትሰለቹ ስትጽፉልኝ፣ «ይህን ብታየው ትወደዋለህ» እያላችሁ ያገኛችሁትን መልካም ነገር ስታካፍሉኝ የከረማችሁ ሁሉ ምስጋናዬ ይድረሳችሁ። መጪው ዘመን የጤና፣ የሥራና የዕረፍት ይሁንላችሁ። ዕረፍትን በምኞቴ ውስጥ ያስገባሁት ያለ ምክንያት አይደለም፤ በዚህ ዓመት በሞት የተለየኝ ወዳጄ ስለ ሰው ዕረፍት አጥብቆ የሚያስብ ነበር። በየበዓሉ ዋዜማ ለእያንዳንዳችን የሚስማማንን ድረ ገጽ ፈልጎ የሚልክልን እርሱ ሲሆን፣ የዘንድሮው ዋዜማ ያለ እርሱ መልእክት አለፈ።

ይህ ወዳጄ የራሱ ትንሽ ድረ ገጽ ነበረው። ሥዕልም ማስታወቂያም አልነበረበትም። የጓደኞቹን ገጾችና የሚወድዳቸውን የኢንተርኔት መዝናኛዎች አድራሻ ደርድሮ፣ ከእያንዳንዱ ሥር ለምን እንደወደደው አንድ መስመር ይጽፍ ነበር። አንድን ሊንክ ለሁሉም በጅምላ ሲልክ አይቼው አላውቅም። ቼዝ ለሚወድደው ጓደኛችን የላከለት ሊቼስን ነበር፤ ፈረንሳዊው ቲቦ ዱፕሌሲ እ.ኤ.አ. በ2010 የጀመረው፣ ማስታወቂያ የሌለበት፣ በተጠቃሚዎቹ መዋጮ የሚተዳደርና ለሁሉም በነፃ ክፍት የሆነ የቼዝ ድረ ገጽ ነው። ለእኔ ደግሞ እንቅልፍ እንደሚያስቸግረኝ ስለሚያውቅ ሬዲዮ ጋርደንን ላከልኝ። በስክሪኑ ላይ ያለውን የምድር ሉል በጣት እያዞሩ አንዱ አረንጓዴ ነጥብ ላይ ሲያቆሙ፣ በዚያ ከተማ በዚያው ሰዓት የሚተላለፈው የሬዲዮ ፕሮግራም ይሰማል። እኔ በጨለማ ተጋድሜ ሳለ ሌላ ቦታ ረፋድ መሆኑን፣ አንድ የማላውቀው ሰው በማላውቀው ቋንቋ የቀኑን ዜና እያነበበ መሆኑን መስማት ምን ያህል እንደሚያጽናና የሚያውቀው ሌሊት የረዘመበት ሰው ነው።

ለእኅቱ ልጅ የመረጠላት ጋላክሲ ዙን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 የተጀመረው ይህ ድረ ገጽ ማንኛውም ሰው በቴሌስኮፕ የተነሡ የጋላክሲ ምስሎችን እያየ በቅርጻቸው እንዲለይ፣ በዚያም ተመራማሪዎችን እንዲያግዝ የሚጋብዝ ነው። በዚያው ዓመት ሃኒ ቫን አርከል የተባለች ሆላንዳዊት መምህርት ከእነዚህ ምስሎች በአንዱ ላይ ማንም ልብ ያላለውን እንግዳ የጋዝ ደመና አስተዋለች፤ ደመናው ዛሬም የሚጠራው በእርሷ ስም ነው። አጎቷ ይህንን ታሪክ ከሊንኩ ሥር ስለጻፈላት ልጅቷ ምስሎቹን የምታየው እንደ ጨዋታ ብቻ አይደለም።

ወዳጄ ሲያርፍ የድረ ገጹ የይለፍ ቃል በማንም እጅ አልነበረም። የድረ ገጽ ስም በየጊዜው እየተከፈለ የሚታደስ ነው፤ ክፍያው ሲቋረጥ ለባለቤቱ ጥቂት ጊዜ ይጠበቅለትና ከዚያ በኋላ ለፈለገው ሁሉ ይለቀቃል። የእርሱም ስም በዚህ መንገድ ሄደ። ከጥቂት ወራት በኋላ የእርሱ ጽሑፍ በነበረበት ቦታ የቁማር ማስታወቂያ ተተክሎ አገኘነው። ይህ በሐዘን ላይ ምን እንደሚጨምር ታላቅ እኅቱ ያንን ገጽ የከፈቱ ዕለት አይቻለሁ።

የደረሰልን ኢንተርኔት አርካይቭ ነው። ብሩስተር ኬል እ.ኤ.አ. በ1996 ያቋቋመው ይህ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት የድረ ገጾችን ቅጂ እየሰበሰበ ሲያስቀምጥ ቆይቶ፣ በ2001 ዌይባክ ማሽን በተባለው አገልግሎቱ ለሕዝብ ክፍት አድርጎታል። የወዳጄ ገጽም በተለያዩ ጊዜያት የተወሰዱ ቅጂዎች ተገኝተውለት እንደገና በአዲስ ስም ቆሟል። በዝርዝሩ ላይ ካሉት ሊንኮች ግን ብዙዎቹ አይከፈቱም። ፒው የምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ጥናት መሠረት፣ በ2013 ከነበሩት ገጾች ውስጥ 38 በመቶው ከ10 ዓመት በኋላ ሊገኙ አልቻሉም። ወዳጄ ከሚወድዳቸው ትናንሽ ጨዋታዎች መካከል በፍላሽ፣ ማለትም በድረ ገጽ ላይ ጨዋታና ተንቀሳቃሽ ምስል ለማሳየት ያገለግል በነበረው ሶፍትዌር የተሠሩት፣ ባለቤቱ የአዶቤ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ፍላሽን መደገፍ ሲያቆም አብረው ዝም አሉ፤ ራፍል የተባለውን ነፃ ፕሮግራም ለሠሩት ሰዎች ምስጋና ይግባቸውና ጥቂቶቹ እንደገና ይሠራሉ።

ሊንክ መላላክን እንደ ቀላል ነገር የሚያዩ አሉ፤ እኔ በዚህ አልስማማም። ቲም በርነርስ ሊ የፈጠረው ድር (ዌብ)፣ ማለትም በሊንክ የተያያዙት የኢንተርኔት ገጾች መረብ፣ እ.ኤ.አ. በ1991 ለዓለም ሲተዋወቅ ሰው አዲስ ገጽ የሚያገኘው በአብዛኛው ሌላ ሰው ሲጠቁመው ነበር። ያሁ ራሱ ግዙፍ ኩባንያ ከመሆኑ በፊት፣ በ1994 ጄሪ ያንግና ዴቪድ ፋይሎ የተባሉ ሁለት የስታንፎርድ ተማሪዎች ያዘጋጁት የድረ ገጾች ዝርዝር ነበር። ዛሬ የምናየውን በብዛት የሚመርጥልን፣ ስክሪን ላይ የምንቆይበትን ጊዜ ለማርዘም የተሠራ የኮምፒውተር ስሌት (አልጎሪዝም) ነው። ስሌቱ የከፈትኩትን ሁሉ ይመዘግባል፤ «ይህን ትንሽ ስማና ተኛ» ያለኝ ግን ወዳጄ ነው።

ስለዚህ የዘንድሮ ምስጋናዬ በስም ሳልጠራቸው ራሳቸውን ለሚያውቁ ሰዎች ነው፦ ገጹ እንደገና እንዲቆም ለፈቀዱት ለታላቅ እኅቱ፣ ቅጂዎቹን አንድ በአንድ አውርዶ ላስተካከለው ለቼዝ ወዳጃችን፣ የአዲሱን ስም ክፍያ ማንም ሳይጠይቃት ለሸፈነችው የሥራ ባልደረባው። የራሳችሁ ድረ ገጽ ያላችሁ ደግሞ የሚታደስበትን ቀንና የሚታደስበትን መንገድ ለምታምኑት ሰው ዛሬውኑ ንገሩልኝ፤ የምትወዱትን የጓደኛችሁን ገጽም ዌይባክ ማሽን ላይ አድራሻውን አስገብታችሁ አስቀምጡ፤ የሚወስደው ጥቂት ደቂቃ ነው። በዚህ ዓመት መጻፍ ያቆማችሁ ወዳጆቼም አድራሻችሁን ከዝርዝሬ አላወጣሁትም።

አንድ ነገር ልጠይቃችሁና ላብቃ። ወዳጄ ስለሚወድዳቸው የቼዝ ጨዋታዎች የጻፈበት ገጽ አርካይቩ ውስጥ አልተገኘም። ከእናንተ መካከል በኮምፒውተሩ ያስቀረው ወይም አትሞ የያዘው ካለ እባካችሁ ላኩልኝ፤ እኅቱም እየጠበቁ ነው። መልካም አዲስ ዓመት።