የዶውሮን ቀይ ወይን ከምግብ ጋር የቀመስኩበት መንገድ

ብርቱ የሆነውን የፖርቱጋል ቀይ ወይን በባዶ አፍ ቀምሶ «ይመራል፣ አፍ ያደርቃል» ብሎ መተው ፍርደ ገምድልነት ነው። እንዲህ ያለ ወይን የሚሠራው ለማዕድ ነው። ይህን በሚገባ ያየሁት ፖርቶ ከተማ ማብሰያ ያለው ክፍል ተከራይቼ በሰነበትኩበት ጊዜ ነው፤ በሰሜን ፖርቱጋል ካለው ከዶውሮ ወንዝ ሸለቆ የመጣ አንድ ጠርሙስ ወይን ከፍቼ፣ ከቦልያው ገበያ የገዛሁትን ምግብ ተራ በተራ ከእርሱ ጋር ቀመስኩ።

ወይኑ ቱሪጋ ናሲዮናል፣ ቱሪጋ ፍራንካ እና ቲንታ ሮሪዝ ከተባሉት ዝርያዎች የተዋሐደ፣ የአልኮል መጠኑም 14 በመቶ ነበር። ጉልበቱ ከየት እንደመጣ የዶውሮን ሸለቆ ያየ ሰው አይጠይቅም። ተራራው ከወንዙ ዳር ጀምሮ በእርከን ተሸንሽኗል፤ መሬቱ ሺስት የሚባለው፣ ንጣፍ በንጣፍ የሚሰነጠቅ ድንጋይ ነው፤ በጋው ደረቅና የሚያቃጥል ነው። የቱሪጋ ናሲዮናል ፍሬ ትንንሽ ስለሆነ ከጭማቂው አንጻር ልጣጩ ይበዛል፤ ቀለሙም፣ ታኒን የሚባለው አፍ የሚያደርቀው ነገርም በአብዛኛው ከልጣጩ ይገኛል። መንግሥት የአካባቢውን ወሰን እ.ኤ.አ. በ1756 በኃያሉ ሚኒስትር በማርኬስ ደ ፖምባል ዘመን ሲከልል ዓላማው ጣፋጩን የፖርት ወይን መጠበቅ ነበር፤ ዛሬ ግን ከእነዚሁ እርከኖች የሚወጣው ጣፋጭ ያልሆነው ቀይ ወይን ለእኔ ከፖርቱ ይበልጥብኛል።

ከመቅመሴ በፊት ጠርሙሱን ለጥቂት ጊዜ ማቀዝቀዣ ውስጥ አቆየሁት። ቀይ ወይን በቤት ሙቀት ይጠጣ የሚባለው ቀዝቃዛ ለሆኑ ቤቶች ነው፤ በሞቃት ወጥ ቤት ውስጥ አልኮሉ አፍንጫ ይወጋል፣ መዓዛው ይሸሻል። ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ይበቃዋል። ከዚያ ሰፊ አፍ ባለው ማንቆርቆሪያ ገልብጬ አየር እንዲያገኝ ተውኩት።

መጀመሪያ ብቻውን ቀመስኩት። ጠርዙ ወይን ጠጅማ፣ መሐሉ ጥቁር ለማለት የሚቀርብ ቀለም አለው። ሽታው የአበባና የበሰለ ጥቁር እንጆሪ ነው። ስጎነጨው ፍሬው ቀድሞ ይመጣል፤ ከዚያ ያልበሰለ ሙዝ እንደመብላት ድድና ምላስን ጨምድዶ ይይዛል። ታኒኑ በምራቅ ውስጥ ካለው ፕሮቲን ጋር ስለሚጣበቅ የአፍን ልስላሴ ይወስዳል።

አሁን ሥጋው። ጨው ያልነካው ቀይ የበሬ ሥጋ ጠብሼ አንድ ጉርሻ በልቼ ጠጣሁ፤ ወይኑ ትንሽ ላላ እንጂ ምሬቱ አልለቀቀም። ከዚያው ሥጋ ላይ ሌላ ቁራጭ ቆርጬ ጨው ነሰነስኩበት። ልዩነቱ አስደናቂ ነበር፤ ምሬቱ ወደኋላ አፈገፈገ፣ እንጆሪው ጎልቶ ወጣ። ጮማ ያለበትን ጠርዝ ስሞክር ደግሞ ያ ድርቀት ፈጽሞ ረገበ፣ ወይኑም በተራው የጮማውን ክብደት ከምላሴ ላይ አጠበው። ከዚያ ወዲህ ከብርቱ ቀይ ወይን ጋር ሥጋ ሳቀርብ የመጀመሪያ ጥያቄዬ ጨውና ጮማው ይበቃል ወይ የሚል ነው።

በነጭ ሽንኩርት በምድጃ የተጠበሰው የፍየል ግልገል ከሁሉም በለጠ። ከበግ ወተት የሚሠራውና በእሾኻማ ተክል አበባ የሚረጋው የሴራ ዳ ኢሽትሬላ አይብ ግን፣ ለብቻው እጅግ ቢጣፍጥም፣ ለስላሳው ዓይነት የራሱ ቀላል ምሬት ስላለው ከወይኑ ታኒን ጋር ተጋጨብኝ። የደረቀውና የቆየው ዓይነት የተሻለ ይስማማዋል። ፒሪፒሪ በሚባለው የሚያቃጥል በርበሬ የተጠበሰው ዶሮ ጭራሽ አልሆነም፤ አልኮሉ የበርበሬውን ማቃጠል ያባብሰዋል፣ በሚቃጠል አፍ ላይ ደግሞ ታኒኑ ይበልጥ ይሻክራል።

ስለዚህ በበርበሬ የተቁላላ ዶሮ ወጥ ለቀረበበት ገበታ ይህን ወይን አልመርጥም፤ ለዚያ የራሳችን ጠጅ አለለት። ለዶውሮ ቀይ የምሠራለት የበግ ጥብስ ነው፦ ጮማው ሳይወጣ፣ ቃሪያው ቀንሶ፣ የጥብስ ቅጠሉ በዛ ብሎ። የበግ አልጫም ይሆናል። ክትፎ ከሆነ ለብለብ ይደረግ፣ ቅቤው አይሰስት፣ ሚጥሚጣው ግን ለየብቻ በትንሽ ሰሃን ይቅረብ።