ተመሳሳይ ገጾች፦ ጎግል የትኛውን ይመርጣል?

ጎንደር ውስጥ ለአስጎብኚ ድርጅትና ለሆቴል ድረ ገጽ ለምንሠራ፣ እስካሁን የተማርነውን እነሆ።

«ጎግል ድግግሞሽ ይቀጣል» የሚለው ወሬ ይቅር። የፍለጋ ውጤት ለማጭበርበር ታስቦ የተገለበጠ ካልሆነ ቅጣት የለም። ጎግል አንድ ዓይነት ጽሑፍ በብዙ አድራሻ ሲያገኝ ገጾቹን በአንድ ይመድብና አንዱን ዋና አድርጎ ያሳያል። ችግር የሚሆነው እኛ የማንፈልገውን ሲመርጥ ነው።

የፋሲል ግቢን ጉብኝት ገጽ እንውሰድ። በኤችቲቲፒም በኤችቲቲፒኤስም፣ በሦስቱ ደብልዩም ያለ እነሱም ከተከፈተ አራት አድራሻ አለው። ፌስቡክ ላይ ሲጋራ ከጥያቄ ምልክት በኋላ የሚቀጠለው መከታተያ ሲጨመርበትማ ማለቂያ የለውም። አንዱን መርጣችሁ ሦስቱን በ301፣ ማለትም ጎብኚውን ለዘለቄታው ወደ ሌላ አድራሻ በሚያዞረው መመሪያ፣ ወደ እሱ ምሩ፤ ቢያንስ ለአንድ ዓመትም አታንሱት። መከታተያ ለተቀጠለባቸው ካኖኒካል፣ ማለትም ዋናው አድራሻ የትኛው እንደሆነ ለጎግል የሚናገረው የኮድ መስመር፣ ይበቃል።

ካኖኒካል ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ምልክት ነው፤ ጎግል እንደ ጥቆማ እንጂ እንደ ትእዛዝ አያየውም። ሙሉ አድራሻ ይጻፍበት፣ ቦታውም ሄድ (የገጹ ኮድ መግቢያ ክፍል) ውስጥ ነው፤ ቦዲ (ጎብኚው የሚያየው ክፍል) ውስጥ ከገባ አይቆጠርም። ዎርድፕረስ ላይ ቴሙ (የድረ ገጹ ንድፍ) አንድ፣ የኤስኢኦ ፕለጊኑ (ለፍለጋ የሚያግዘው ተጨማሪ ፕሮግራም) ሌላ ካኖኒካል ሲጽፉ ሁለቱም ዋጋ ሊያጡ ይችላሉ። የገጹን ሶርስ (ኮዱን) ከፍታችሁ ፈልጉ፤ መገኘት ያለበት አንድ ብቻ ነው። ድግግሞሹን በሮቦትስ ፋይል (ጎግል የትኛውን ገጽ እንዳያነብ በሚነግረው) መዝጋት ደግሞ ብልሃት ይመስላል እንጂ አይደለም፤ ጎግል ያላነበበውን ገጽ ካኖኒካል ከየት ያየዋል?

የእኛ ሰፈር ችግር ሌላ ነው። ለ«ጎንደር» አንድ፣ ለ«ጐንደር» ሌላ ገጽ የሚሠራ አለ። አታድርጉት፤ ሌላውን አጻጻፍ በዚያው ገጽ ጽሑፍ መሀል አንዴ ማስገባት ይሻላል። የሰሜን ተራሮች የሦስት ቀንና የአራት ቀን ጉዞም ልዩነቱ ቁጥሩ ብቻ ከሆነ አንድ ገጽ ላይ በሠንጠረዥ ይቀመጥ። ሁለት ገጽ የሚገባው የየቀኑ ማደሪያና መንገድ በእርግጥ ሲለያይ ነው።

ትርጉም ግን ድግግሞሽ አይደለም። የአማርኛው ገጽ ካኖኒካል ወደ እንግሊዝኛው ካመለከተ አማርኛው ከፍለጋ ሊጠፋ ይችላል፤ ይህን ስህተት ደጋግማችሁ ታገኙታላችሁ። እያንዳንዱ ገጽ ወደ ራሱ ያመልክት፣ ሁለቱን የሚያገናኛቸው ኤችሬፍላንግ (ገጹ በሌላ ቋንቋ የት እንዳለ የሚናገረው ምልክት) ይሁን፤ እሱም ከሁለቱም ወገን ካልተጻፈ አይሠራም።

ለማረጋገጥ ሰርች ኮንሶል (ጎግል ለድረ ገጽ ባለቤቶች የሚሰጠው መሣሪያ) ውስጥ አድራሻውን አስመርምሩ። እናንተ ያመለከታችሁት ካኖኒካልና ጎግል የመረጠው ጎን ለጎን ይወጣሉ። ከተለያዩ ሳይትማፑን (የገጾቹን አድራሻ ዝርዝር) እና የሜኑውን ሊንኮች እዩ። ካኖኒካሉ ተስተካክሎ ሜኑው አሁንም በኤችቲቲፒ የሚጀምረውን አሮጌ አድራሻ ይዞ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው።