ከሉክሶር ሽቅብ

ጎጃም ተወልደው ያደጉት፣ ዛሬ ፒያሳ ጊዮርጊስ አካባቢ የሚኖሩት አክስቴ እቴቴ፣ ግብፅ ሄጄ በናይል ላይ በመርከብ ልጓዝ መሆኑን ስነግራቸው ቡናቸውን ፉት ብለው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፦ «የእኛ ውሃ እዚያ ሲደርስ ምን ይመስላል?» ቸርችል ጎዳና ከሚገኝ የጉዞ ወኪል ቢሮ ተቀምጬ ስለ ዋጋው፣ ስለ ክፍሉና ስለ ምግቡ ስጠይቅ ብውልም ይህ ግን ትዝ አላለኝም ነበር።

ከጥምቀት በኋላ በካይሮ አድርጌ ሉክሶር ገባሁ። ሉክሶር ስለቆመችባት ስለ ጥንቷ ቴብስ ከተማ፣ ስለ ካርናክ ቤተ መቅደስና ከወንዙ ማዶ ስላለው የነገሥታት ሸለቆ ብዙ ስለተጻፈ አልፈዋለሁ። ማንም ያልነገረኝ ነገር ግን መርከቦቹ በወደቡ ጎን ለጎን ተጠጋግተው የሚታሰሩ መሆናቸውን ነው። የእኛ መርከብ ከዳር አራተኛ ስለነበር ወደ ከተማ ለመውጣት የሦስት መርከቦችን የእንግዳ መቀበያ አዳራሽ ማቋረጥ ነበረብን፤ በመጀመሪያው ጠዋት መጋረጃዬን ስገልጥም ያየሁት ወንዙን ሳይሆን የጎረቤት መርከብ እንግዳ ጥርሱን ሲቦርሽ ነው።

ጉዞው አራት ሌሊት ይባል እንጂ መርከቡ ከሚሄድበት ሰዓት የሚቆምበት ይበልጣል። ሲሄድ ግን ደስ ይላል። ናይል ወደ ሰሜን ስለሚፈስ ከሉክሶር ወደ አስዋን መጓዝ ሽቅብ፣ ማለትም ወደ እኛ አገር አቅጣጫ መጓዝ ነው፤ ደቡቡ «ላይኛው ግብፅ» የተባለውም ስለዚሁ ነው። ነፋሱ አብዛኛውን ጊዜ ከሰሜን ስለሚነፍስ የጥንቶቹ ግብፃውያን ጀልባዎች ሽቅብ በሸራ፣ ቁልቁል በቀዘፋና በውሃው ጉልበት ይሄዱ ነበር፤ በሥዕላዊ ጽሕፈታቸውም ወደ ደቡብ መጓዝ የሚጻፈው ሸራዋን በዘረጋች ጀልባ ነው።

ኤስና በተባለች ከተማ ላይ መርከቡ ባለ በር ገንዳ ውስጥ ገብቶ ውሃው ከፍ እስኪያደርገው ወረፋ ይጠብቃል። በዚህ መሃል ነጋዴዎች በትንንሽ ጀልባ ተጠግተው የገበታ ጨርቅና ጀላቢያ በፌስታል ጠቅልለው እላይኛው ወለል ድረስ ይወረውራሉ፤ ክርክሩ በጩኸት ያልቃል፣ ገንዘቡም በዚያው ፌስታል ተጠቅልሎ ይወረወርላቸዋል። አንዱ አገሬን ጠይቆኝ «ሐበሻ!» ብሎ ከሳቀ በኋላ እንኳ አንድ ፓውንድ አልቀነሰልኝም። (ረቡዕ ጠዋት ጾሜን ያዳነኝ ፉል ግን ከፒያሳው ብዙም አይርቅም።)

በኤድፉ ከተማ ሆረስ የተባለውን የጥንት አምላክ ቤተ መቅደስ አይተን ከኮም ኦምቦ ቤተ መቅደስ ደረስን። ሰው ሁሉ የጥንቶቹ ሰዎች እንዳይበሰብሱ አድርቀው ያቆዩአቸውን አዞዎች ለማየት ሲጋፋ እኔ ከውሃ መለኪያው ጉድጓድ አፍ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ክብ ነው፤ በድንጋይ ተገንብቶ ደረጃው ወደ ታች እየተሽከረከረ ይወርዳል። ካህናቱ የወንዙን ከፍታ በእንዲህ ዓይነቱ መለኪያ ሲከታተሉ፣ የዓመቱ ምርትም ግብርም የሚገመተው ውሃው በደረሰበት ልክ ነበር። ያ ሙላት በአብዛኛው የእኛ ደጋ የክረምት ዝናብ ነው፤ ዛሬም አስዋን ከሚደርሰው ውሃ 85 በመቶ ያህሉ የሚነሳው ከኢትዮጵያ ነው። እቴቴ በልጅነታቸው የረገጡት የሐምሌ ጭቃ እዚህ ታክስ ሆኖ ይቆጠር እንደነበር ሳስብ ሳቄ መጣ።

አስዋን ስንደርስ የእቴቴ ጥያቄ መልስ አገኘ። ከጉዞው መጀመሪያ አንስቶ ውሃው አረንጓዴና ጥርት ያለ መሆኑ ገርሞኝ ነበር፤ በእኛ በረሃ በክረምት አፈር ይዞ እንደሚደነፋው አባይ አይደለም። ምክንያቱ እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1970 የተሠራው ታላቁ የአስዋን ግድብ ነው፤ ከጀርባው 500 ኪሎ ሜትር ያህል የተኛው ናስር ሐይቅ ደለሉን ስለሚያስቀር ወደ ታች የሚወርደው የተጣራ ውሃ ነው። «አባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» የሚለው ተረት እዚህ አይሠራም።

ተመልሼ ፎቶውን በስልኬ ሳሳያቸው እቴቴ መነጽራቸውን አድርገው በጣታቸው አሰፉት፤ ደግመው አሰፉት።

«ይሄማ አባይ አይደለም» አሉ። «አፈሩንስ የት አደረጉት?»